ሪቻርድ ሃሚንግ እና ሰሚ ያጣው ስሕተት፦ ከሪሌይ ማሽን እስከ ከርነል የዱካ መዝገብ

የአንድ ሰርቨር ስርዓተ ክወና የሃርድዌር ስሕተትን ሲመዘግብ በቅድሚያ የሚለየው ስሕተቱ ታርሟል ወይስ አልታረመም የሚለውን ነው። ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ በሚባለው የመረጃ ማመላለሻ ባስ ላይ ይህ ክፍፍል ሦስት ደረጃ አለው፤ የሚታረም፣ የማይታረም ሆኖ ገዳይ ያልሆነ፣ እንዲሁም የማይታረም ሆኖ ገዳይ የሆነ። ለዛሬ የከርነል ተመራማሪ ይህ አከፋፈል ከማሽኑ ጋር አብሮ የተፈጠረ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ የኮምፒውተር ሠሪዎች ይደክሙ የነበረው ስሕተት እንዲታወቅ እንጂ ማሽኑ ራሱ እንዲያርመው አልነበረም። ይህን የለወጠው ሪቻርድ ዌስሊ ሃሚንግ ነው። በስሙ የሚጠሩት ኮድና ርቀት በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ፤ የሥራው መነሻ ግን የዘገባ ችግር እንደ ነበር እምብዛም አይነሣም። ማሽኑ ስሕተቱን ዐውቆ ነበር፤ የሚነግረው ሰው ግን በስፍራው አልነበረም። የሚከተለው የሕይወት ታሪክ በዚህ ወገን የተቃኘ ሲሆን፣ ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሃሚንግ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1915 በቺካጎ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ምኞቱ መሐንዲስ መሆን ነበር። ወጣትነቱ ግን በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ላይ ዋለ። ያገኘው የነጻ ትምህርት ዕድል ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የመጣ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ የምሕንድስና ትምህርት ክፍል ስላልነበረው ፊቱን ወደ ሒሳብ አዞረ። በ1937 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1939 ከኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን፣ በ1942 ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የመመረቂያ ጥናቱ በመስመራዊ ዲፈረንሻል እኩልታዎች የድንበር እሴት ችግሮች ላይ ያተኮረ፣ ከኋለኛው ሥራው ጋር እምብዛም ዝምድና የሌለው ነበር። ይልቅ ለኋለኛው ሥራው ስንቅ የሆነው በተማሪነቱ ዘመን ያነበበው የጆርጅ ቡል የአስተሳሰብ ሕግጋት መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት እሴት ብቻ ባላቸው ምልክቶች ማሰላሰልን የተለማመደው ከዚያ ነው። ዶክትሬቱን ባገኘበት ዓመት ዋንዳ ሊትልን አገባ።

በ1944 በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተምር ጀመር። ጦርነቱ ግን በዚያ ብዙ አላቆየውም። በኤፕሪል 1945 የአቶሚክ ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ሄዶ በሃንስ ቤቴ ክፍል ሥር የአይ.ቢ.ኤም. ማስሊያ ማሽኖችን ማስኬድ ሥራው ሆነ። ባለቤቱም ተከትላው ሄዳ በስሌት ሠራተኝነት ተቀጠረች። ሃሚንግ በዚያ የነበረውን ድርሻ ከፍ አድርጎ አይናገርም ነበር፤ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሥራ እንዳይስተጓጎል ማሽኖቹን በሥርዓት የሚያኖር የጽዳት ሠራተኛ አድርጎ ራሱን ይገልጽ ነበር።

ከዚያ ዘመን በእርጅናው የጻፈው አንድ ትዝታ ግን ለዚህ ጉዳይ ዋጋ አለው። ከመጀመሪያው የቦምብ ሙከራ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ባልደረባ የተወሰነ ስሌት እንዲያረጋግጥለት ጠየቀው። ሃሚንግ ሥራውን ለበታች ሠራተኛ ሊያስተላልፍ ሲል ጥያቄው ምን እንደሆነ ተረዳ። ጥያቄው ፍንዳታው የምድርን ከባቢ አየር በሙሉ ያቀጣጥል እንደሆነ ነበር። ስሌቱን ራሱ አረጋገጠው። በማግሥቱ የሰጠው መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። ሒሳቡ ትክክል እንደሚመስል፣ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቀመሮቹ ግን ስለ መሠረታቸው እሱ ዋስ ሊሆን እንደማይችል ተናገረ። ማረጋገጫ የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ለይቶ ማስታወቅ የዘገባው አካል መሆኑን የሃሚንግ ኋለኛ ሥራ ደጋግሞ ያሳያል። እዚህ ግን ጉዳዩ ሕይወትን ሁሉ የሚነካ ነበር።

በ1946 ወደ ቤል የስልክ ላብራቶሪዎች ገባ። ድርጅቱ በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ብዙ ሳያዝዝ የሚያሠራ ነበር። ሃሚንግ ለተወሰነ ጊዜ ከክሎድ ሻነን ጋር አንድ ቢሮ ተጋርቷል። ከሻነን፣ ከዶናልድ ሊንግና ከብሮክዌይ ማክሚላን ጋር በጦርነቱ ዘመን የበሰሉ፣ ልማድን የማያከብሩ ወጣቶች ተብለው ይታወቁ ነበር። የቅጥር ሥራው በኤላስቲሲቲ ንድፈ ሐሳብ ዙሪያ ይሁን እንጂ ጊዜውን ይበልጥ የወሰዱት የስሌት ማሽኖቹ ነበሩ።

ማሽኑ ሞዴል 5 ይባል ነበር። የተሠራው ከስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች በተወሰደው ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ማግኔት በሚከፈትና በሚዘጋ ማገናኛ ነው። ሃሚንግ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ጠቀሰው በማሽኑ ውስጥ 8,900 ያህል ሪሌዮች ሲኖሩ በአማካይ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አንዱ ይሰናከል ነበር። ይህም ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን በሚደርስ የሪሌይ እንቅስቃሴ አንድ ስሕተት ማለት ነው። አኃዙ ለአንድ ሪሌይ ሲታይ እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ማሽን ግን የየዕለት እንቅፋት ነው። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ማሽኑ ራሱን እንዲቆጣጠር አድርገው ነደፉት። እያንዳንዱ አኃዝ በተወሰነ የሪሌይ ቡድን የሚወከል ሲሆን፣ ከቡድኑ ውስጥ የሚሠሩት ቁጥራቸው ምንጊዜም የታወቀ መሆን ነበረበት። ከዚያ ከበዛ ወይም ካነሰ ማሽኑ ስሕተት መኖሩን ያውቃል።

በሥራ ቀናት ይህ በቂ ነበር። ማሽኑ ሲቆም ተቆጣጣሪ ሠራተኞቹ ምልክቱን አይተው፣ የተበላሸውን ሪሌይ ፈልገው፣ ሥራውን ካቆመበት ያስቀጥላሉ። ሌሊትና ቅዳሜና እሑድ ግን ተቆጣጣሪ የለም። ስለዚህ ማሽኑ ስሕተት ሲያገኝ የያዘውን ሥራ ትቶ ተራ ወደሚጠብቀው ወደሚቀጥለው ሥራ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። አዲስ ገብና የማሽን ሰዓት ወረፋ ላይ ዝቅተኛ ቦታ የነበረው ሃሚንግ ያገኘው ደግሞ በትክክል ያንን የሰንበት ሰዓት ነው። በ1947 ገደማ በተከታታይ ሁለት ሰንበቶች ሥራውን ማሽኑ ላይ ትቶ ሲመለስ ስሌቱ ተጥሎ አገኘው። ውጤቱን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩበት።

ታሪኩ በየመማሪያ ክፍሉ እንደ ቀልድ ይነገራል፤ ሃሚንግም ራሱ ሲተርከው ቁጣውን አይደብቅም። ማሽኑ ስሕተት መኖሩን ካወቀ ቦታውን ለይቶ የማያርመው ስለ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄው ግን ከቁጣ በላይ ነበር። በዚያ ማሽን ውስጥ አንድ ቁምነገር ተለይቶ ይታያል። ስሕተት የማወቅ ችሎታው በሳምንቱ ቀናትም ሆነ በሰንበት ያው አንድ ነበር፤ የተለየው የዕውቀቱ መድረሻ ነው። ዘገባው ወደ ሠራተኛ ሲደርስ ጥገና ሆነ። ሰሚ ሲያጣ ደግሞ የሰው ሥራ ማጣያ ሆነ። ሃሚንግ የመረጠው መፍትሔ ሰሚውን መተው ነበር፤ ዘገባውን ማሽኑ ለራሱ እንዲያደርስና በዚያው እንዲጠቀምበት አደረገ።

የመፍትሔው ጥበብ በቀላል ምሳሌ ይታያል። አራት የመረጃ ቢቶች አሉ እንበል፤ 1፣ 0፣ 1፣ 1። በሰባት ቦታዎች ረድፍ ውስጥ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። 1ኛ፣ 2ኛና 4ኛ ቦታዎች ለማረጋገጫ ቢቶች የተተዉ ናቸው። የመጀመሪያው ማረጋገጫ 1ኛን፣ 3ኛን፣ 5ኛንና 7ኛን ቦታ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው 2ኛን፣ 3ኛን፣ 6ኛንና 7ኛን፤ ሦስተኛው ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያሉትን። እያንዳንዱ በሚጠብቃቸው ቦታዎች ያሉት አንዶች ብዛት ተጋማሽ ቁጥር እንዲሆን ይሞላል። የተሟላው ቃል 0110011 ይሆናል። አሁን በጉዞ ላይ 6ኛው ቢት ተገልብጦ 0110001 ደረሰ እንበል። ተቀባዩ ሲቆጥር የመጀመሪያው ማረጋገጫ ይስማማል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አይስማሙም። ያልተስማሙት ማረጋገጫዎች የቆሙባቸው ቦታዎች 2 እና 4 ሲደመሩ 6 ይሰጣሉ። ስሕተቱ ያለበት ቦታም 6ኛው ነው። የማረጋገጫዎቹ ቅሬታ በሁለትዮሽ ሲነበብ የስሕተቱ አድራሻ ሆኖ ይገኛል፤ ሁሉም ከተስማሙ ዜሮ ይነበባል፣ ትርጉሙም ስሕተት የለም ማለት ነው። የስሕተት መዝገብ በሦስት ቢት ከዚህ የበለጠ ሊናገር አይችልም።

ኮዱ የማይችለውንም ሃሚንግ ግልጽ አድርጎ አስቀምጧል። በዚያው ቃል ውስጥ 3ኛውና 6ኛው ቢት አንድ ላይ ቢገለበጡ የማረጋገጫዎቹ ቅሬታ 5 የሚል አድራሻ ይሰጣል። ማሽኑም ምንም ያልነካውን 5ኛውን ቢት ገልብጦ ሁለቱን ስሕተት ሦስት ያደርገዋል፤ ይህንንም እርማት ብሎ ይዘግባል። ስለዚህ ሃሚንግ ሁሉንም ቦታዎች የሚጠብቅ አንድ ተጨማሪ ማረጋገጫ ቢት ጨመረ። በዚህ ተጨማሪ ቢት ማሽኑ አንድ ስሕተትን ያርማል፤ ሁለት ስሕተትን ደግሞ ማረም ባይችልም መኖራቸውን ያውቃል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የታረመና ያልታረመ ክፍፍል በሃርድዌር ውስጥ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ሁሉ መለኪያ የሆነው ሁለት ቃላት በስንት ቦታ እንደሚለያዩ የሚቆጥረው የሃሚንግ ርቀት ነው። ርቀቱ ቢያንስ ሁለት ሲሆን ስሕተት ይታወቃል፣ ሦስት ሲሆን አንድ ስሕተት ይታረማል፣ አራት ሲሆን አንዱ ታርሞ ሁለቱ ይታወቃሉ። ሁለት ትክክለኛ ቃላት ምንም ርቀት ከሌላቸው የትኛው እንደተላከ ማንም ሊለይ አይችልም።

ስለ ስሕተት ፈጥኖ መናገርን የሠራው ሰው የራሱን ውጤት ለመናገር ግን ዘገየ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ድርጅቱ ከኅትመት በፊት የፈጠራ መብት እንዲያዝ ፈለገ። ሃሚንግ የሒሳብ ቀመር በፈጠራ መብት ሊያዝ ይችላል ብሎ ባያምንም ጠበቆቹ ከበርናርድ ሆልብሩክ ጋር በጋራ የሠሩትን የወረዳ ንድፍ ጨምረው ማመልከቻውን በጃንዋሪ 1950 አስገቡ፤ መብቱም በ1951 ተሰጠ። በዚህ መካከል ሻነን በ1948 ባወጣው ታላቅ ጽሑፉ ባለ ሰባት ቢቱን ኮድ በሃሚንግ ስም በምሳሌነት ጠቀሰው። በኒው ጀርሲ ፎርት መንማውዝ ይሠራ የነበረው ትውልደ ስዊስ ማርሴል ጎሌይ ያንን ምሳሌ አንብቦ ሐሳቡን አስፋፋና በ1949 አንድ ገጽ ብቻ በሆነች ማስታወሻ አሳተመ። የሃሚንግ የራሱ ጽሑፍ በቤል ሲስተም ቴክኒካል ጆርናል የወጣው በኤፕሪል 1950 ነው። ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቆየ። ምሳሌውን በተመለከተ የሻነን ምስክርነት ጉዳዩን ይዘጋዋል፤ የጎሌይ 23 ቢት ያለው ኮድ ደግሞ የራሱ የጎሌይ ነው፣ ሃሚንግም አልነካውም። የኅትመት መዘግየት ያመጣውን ግርታ ለሚያጠኑ ሰዎች ግን ጉዳዩ አሁንም ጥሩ ምሳሌ ነው።

ኮዱ ከሪሌይ ዘመን አልፎ የኖረው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። በ1961 ለተጠቃሚ የደረሰው የአይ.ቢ.ኤም. ስትሬች ኮምፒውተር ለ64 የመረጃ ቢቶች 8 የማረጋገጫ ቢቶች መድቦ በ72 ቢት ቃል ይሠራ ነበር። ይኸው የ64 እና የ8 ምጣኔ በሰርቨር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት መደበኛ ሆኖ ቀጠለ። ሃሚንግ የተመኘው ተፈጸመ፤ ማሽኑ ሰንበት ላይም ሥራውን አይጥልም። ከዚህ ጋር ግን በ1947 ያልነበረ አዲስ ችግር መጣ። የታረመ ስሕተት ድምፅ የለውም። ሥራው አይቋረጥም፣ ውጤቱም አይበላሽም፣ ተጠቃሚውም አያውቅም። ማኅደረ ትውስታው በእርጅና ወይም በብልሽት በየቀኑ እየባሰበት ሄዶ አንድ ቀን ሁለት ቢቶች በአንድ ቃል ውስጥ እስኪገለበጡ ድረስ ሁሉም ደህና ይመስላል። ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በ2009 በጉግል የመረጃ ማዕከላት ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት ከማኅደረ ትውስታ ሞጁሎቹ ውስጥ ከመቶ ስምንት የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ የታረመ ስሕተት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። የታረመ ስሕተት ባየ ሞጁል ላይ ያልታረመ ስሕተት የመከተሉ ዕድል እንደሚጨምርም ጥናቱ አመልክቷል። እርማቱ እንግዲህ የዘገባን አስፈላጊነት አላስቀረውም፤ ይልቁንም ዘገባው ብቸኛው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን አደረገው።

በዚህ ምክንያት የሊኑክስ ከርነል ሃርድዌሩ የሚያሳውቀውን ስሕተት በዱካ መዝገቡ ውስጥ በተወሰነ ቅርጽ ያሰፍራል። ለማኅደረ ትውስታ አንድ የክንውን ዓይነት አለ፤ ለፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ ባስ ደግሞ ኤ.ኢ.አር. የሚባለው የላቀ የስሕተት ዘገባ ሥርዓት የራሱ ክንውን አለው። በዚህ ክንውን ውስጥ የመሣሪያው ስም፣ የስሕተቱ ዓይነት በቢቶች፣ የክብደቱ ደረጃ፣ ሲገኝም ስሕተቱን ያስከተለው የመረጃ ጥቅል ራስጌ ይመዘገባል። ራስዴመን የሚባለው ፕሮግራም እነዚህን ክንውኖች ከዱካ መዝገቡ እያነበበ ያከማቻል። የቀድሞዎቹን የሞዴል 5 ተቆጣጣሪዎች ቦታ የያዘው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

የወጥነት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱ ወደ ከርነሉ የሚገባው በአንድ በር ብቻ አይደለምና። በአንዳንድ ማሽኖች ባሱ ኢንተራፕት ልኮ ከርነሉ ራሱ የስሕተቱን ቢቶች ያነባል። በሌሎች ማሽኖች ግን ፈርምዌሩ ቀድሞ ያነብባቸውና ዘገባውን አዘጋጅቶ ለከርነሉ ያቀርባል። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ኮድ ያልፋሉ፤ የተለያየ ቃል ቢጠቀሙ፣ ወይም አንዱ የመረጃ ጥቅሉን ራስጌ መዝግቦ ሌላው ቢተወው፣ አንድ ዓይነት ብልሽት በሁለት ሰርቨሮች ላይ ሁለት የተለያየ ታሪክ ይኖረዋል። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች በመጨረሻ አንዱን የዱካ ክንውን እንዲጠሩ ተደርጓል። ሌላው ችግር ጎርፍ ነው። የላላ ማገናኛ በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ የሚታረሙ ስሕተቶችን ሊያወጣ ስለሚችል ለሰው በሚነበበው ሎግ ላይ የመጠን ገደብ መጣል ግድ ይሆናል። ገደቡ ከቆጠራውና ከዱካው በፊት ቢደረግ ግን የተቆረጠው ለዐይን የሚቀርበው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን መረጃው ራሱ ይሆናል። በከርነሉ የተያዘው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መቁጠርና ዱካውን መመዝገብ፣ ከዚያ በኋላ ሎጉን መገደብ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተልም ይህ ብቻ ነው።

በባሱ ላይ መታረም የሚለው ቃል ከማኅደረ ትውስታው የተለየ ፍቺ መያዙንም ማስተዋል ያስፈልጋል። የፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ መስመር እስከ አምስተኛው ትውልድ ድረስ በሃሚንግ መንገድ አያርምም። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ 32 ቢት ያለው ማረጋገጫ ያያይዛል፤ ካልተስማማ ላኪው እንደገና እንዲልክ ያደርጋል። ሃሚንግ ለሪሌይ ማሽኑ የፈለገው ተቃራኒውን ነበር፤ በሰንበት እንደገና የሚልክለት ሰው ስላልነበረ ተቀባዩ ብቻውን ማረም ነበረበት። በስድስተኛው ትውልድ የመስመሩ ፍጥነት ሲጨምር እንደገና መላክ ብቻውን አልበቃም፤ ባሱም ቀላል የእርማት ኮድ ጨመረ። ከዚህ በኋላ በዱካ መዝገብ ላይ የሚታይ የሚታረም ስሕተት የሚለው ቃል በስሌት የታረመውንና እንደገና በመላክ የተስተካከለውን ሳይለይ ከተወው፣ የመስመሩን ጤና ለመገመት የሚፈልግ ተመራማሪ ይሳሳታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ስሕተቱ እንደ መረጃ ለብሶ ሲመጣ ነው። ከባሱ የተነቀለ ወይም መልስ የማይሰጥ መሣሪያ ሲነበብ ማንበቡ ይወድቃል፤ አንጎለ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ቢቶች አንድ የሆኑበት ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በአንዳንድ የመሣሪያ ሬጅስተሮች ውስጥ ትክክለኛ እሴት ሊሆን ይችላል። በሃሚንግ ቋንቋ በስሕተቱ ምልክትና በትክክለኛው መረጃ መካከል ያለው ርቀት ዜሮ ነው፤ ምንም ኮድ ሊለያቸው አይችልም። በከርነሉ ውስጥ ይህ ቁጥር የጋራ ስም ተሰጥቶት ድራይቨሮች በአንድ ወጥ ፍተሻ እንዲፈትሹት መደረጉ ርቀቱን አይፈጥረውም። ጥርጣሬው ባለበት ሁሉ በአንድ ቃል እንዲጠራ ግን ያደርጋል። ፍተሻው ሲሠራም ጥያቄው ስሕተት ነው የሚል ሳይሆን ስሕተት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ይህ ልዩነት በሎስ አላሞስ ከተሰጠው ሁለት ክፍል ካለው መልስ ጋር የሚቀራረብ ጥንቃቄ አለው።

ሃሚንግ ራሱ ከ1950 በኋላ ወደ ኮድ ንድፈ ሐሳብ ብዙም አልተመለሰም። ሌሎች መስኩን ሲያስፋፉት እሱ ወደ ቁጥራዊ ስሌት፣ ወደ ዲጂታል ማጣሪያና ወደ ፕሮግራም ቋንቋ ሄደ። በ1956 ለአይ.ቢ.ኤም. 650 ማሽን ኤል2 የሚባል ቀደምት የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። በሲግናል ትንተና የሚታወቀው የሃሚንግ መስኮትም ስሙን ከእሱ ያገኘ ነው። ከ1958 እስከ 1960 የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤ.ሲ.ኤም. ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1968 የቱሪንግ ሽልማትን ከተሸለሙት ሦስተኛው ሆነ። በሽልማቱ ንግግር የኮምፒውተር ሳይንስ ከማሽኑ እየራቀ ወደ ንጹሕ ሒሳብ እንዳያዘነብልና የምሕንድስና ጠባዩን እንዳያጣ አሳሰበ። መሐንዲስ መሆን ተመኝቶ በገንዘብ እጦት ሒሳብ ለተማረ ሰው ይህ አቋም አይገርምም።

በቤል ላብራቶሪዎች የነበረው ጠባይ በብዙ ትዝታዎች ተመዝግቧል። በምሳ ሰዓት ከሌላ መስክ ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ በመስካቸው ውስጥ ዋናው ችግር የትኛው እንደሆነ ይጠይቃቸው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ታዲያ ስለ ምን በዚያ ላይ እንደማይሠሩ። ከገበታው ጎረቤቶቹ ብዙዎቹ ጥያቄውን አልወደዱትም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ ደግሞ ስለ ታላላቅ ጥያቄዎች ለማሰብ ብቻ ለይቶ ይይዝ ነበር። በ1986 በቤልኮር ስለ ምርምር ሥራ የሰጠው ንግግር በዚህ ሁሉ ላይ የተመሠረተ ሲሆን በምረቃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሳይንሳዊ ጽሑፎቹ ይልቅ በስፋት ይነበባል። የሞዴል 5ን ታሪክም በዚያ ዘመን ንግግሮቹ ደጋግሞ ያነሣ ነበር። ችግሩን ያገኘው ፈልጎ ሳይሆን በየሰንበቱ እያበሳጨው መሆኑን ግን ራሱ ካዘጋጀው የምርምር ምክር ጋር ለማስታረቅ እምብዛም አልደከመም።

በ1976 ከቤል ላብራቶሪዎች ወጥቶ በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። እዚያም ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ስለ ሳይንስና ምሕንድስና አሠራር ያስተማረው ኮርስ በ1997 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የክብር ፕሮፌሰርነት ተሰጥቶት ከመደበኛ ሥራ ቢሰናበትም የመጨረሻ ትምህርቱን የሰጠው በዲሴምበር ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1998 በልብ ድካም በሞንተሬይ ዐረፈ።